ሀገርን በኑሮ ማወቅ
(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ንግግር)



ሀገር እንደ ሰው ነው። ለእንግዳ የክት ልብሱን ለብሶ ይቀርባል፤ የዘወትሩን የሚያየው አብሮት የከረመ ብቻ ነው። በጀርመን ሀገር ረጅም ዓመታት የኖርን ወገኖቻችሁ ዛሬ የምንናገረው የዘወትሩን ስለ ማየት ነው።

አዲስ መጤ ለፍርድ ይቸኩላል። የጎረቤት ሰላምታ አጭር ነው፤ ሳይቀጠር የሰው በር የሚያንኳኳ የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅን ከፍ ማድረግ ያስወቅሳል። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፤ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት እንኳ ነውር ነው። ስለዚህ እንግዳው «ፍቅር የሌለበት ሀገር» ብሎ ለዘመዶቹ ይነግራል።

ዓመታት ሲያልፉ ግን ያው ልማድ ሌላ ፊቱን ያሳያል። ጸጥታው ለታመመውና ሌሊት ሠርቶ ለደከመው ጎረቤት የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑ ይገባል። የእሑድ ዕረፍትም እ.ኤ.አ. በ1919 በሕገ መንግሥት የሰፈረ፣ በ1949 በወጣው መሠረታዊ ሕግም የጸና ነው። ቋንቋቸው እንደ እኛው «አንተ»ንና «አንቱ»ን ይለያል። ለዓመታት በአንቱታ ስታነጋግረን የኖረች አረጋዊት ጎረቤት አንድ ቀን «ከእንግዲህ አንቱ መባባሉ ይቅር» ትላለች፤ ይህን ማንሣት የሚገባው ለታላቅ ነውና። ከዚያም መንገድ ስትሄድ አበባዋን እንድናጠጣ የቤቷን ቁልፍ ትተውልናለች። በእነርሱ ዘንድ ቁልፍ ማስረከብ በእኛ ዘንድ ከመሶብ ዙሪያ ከመቀመጥ አያንስም።

በትናንሽ ከተሞችና በገጠር እሳት የሚያጠፉት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጥሪ ሲሰማ አናጢውም መምህሩም ሥራውን ትቶ ይሮጣል። ማኅበር በሕግ ለማስመዝገብ ቢያንስ 7 አባላት ያስፈልጋሉ፤ ደንብ ይጻፋል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ገንዘብ ያዡም ሒሳቡን በአባላት ፊት ያቀርባል። ይህን ስናይ ዳኛውን፣ ጸሐፊውን፣ የድንኳኑንና የወንበሩን መዝገብ ይዞ የኖረውን እድራችንን አስታወስን።

የሚመለስ ባዶ ጠርሙስ ዋጋ አለው፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው 25 የዩሮ ሳንቲም ያስገኛል። ይሁንና ብዙ ሰዎች ጠርሙሱን ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን ያቆሙታል፤ ችግረኛው እጁን ወደ ቆሻሻ ሳይሰድ እንዲያነሣው ነው። ይህን ምጽዋት አላፊ መንገደኛ አያስተውለውም።

ረጅም ኑሮ ጉድለትንም ይገልጣል። ብዙ አረጋውያን ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በሕመማቸው ቀን የሚጠይቃቸው የሚያጡም አሉ። ሳይጠራ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ቡና ጠጡ ብሎ የሚጣራው ጎረቤት ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ የተረዳነው በዚያ ነው።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ ይህን ዓይነት ዕውቀት ለማግኘት ወደ አውሮፓ መሄድ አያሻችሁም፤ በየደብራችሁ አለ። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሊባኖስና በሌሎች የዓረብ ሀገራት በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ እኅቶች ጥቂት አይደሉም። እነርሱ የዚያን ሀገር ኑሮ የሚያውቁት ከወጥ ቤቱ ነው፤ ሕፃኑን አሳድገዋል፤ ሽማግሌውን አስታመዋል፤ ቋንቋውን ተምረዋል። ሲመለሱ ግን የሚቀርብላቸው ጥያቄ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ነው። እጇ ባዶ የሆነባት እኅት አንገቷን ደፍታ ትቀራለች፤ ያየችውም ከእርሷ ጋር ተቀብሮ ይቀራል።

በዚህ የምትጎዳው እርሷ ብቻ አይደለችም። ለመሄድ የምትሰናዳው ልጅ ስለዚያ ሀገር የምትሰማው ከደላላ አፍ ብቻ ይሆናል። በዚያ ቤት ቀኑ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ ፓስፖርቱን ማን እንደሚይዘው፣ የታመመች ሠራተኛ ወዴት እንደምትሄድ የኖረችበት እንጂ ደላላው አይነግራትም።

ስለዚህ የልማት ኮሚቴዎች ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ጉባኤ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም፣ ለእነዚህ እኅቶች ፈቃዳቸውን ጠይቀው ቦታ እንዲሰጧቸው እንለምናለን። «ምን አየሽ? እንዴትስ ይኖራሉ?» ብለን እንጠይቃቸው፤ ሲመልሱም ታግሠን እናድምጣቸው። በሕሙማንና በአረጋውያን እንክብካቤ ያላቸውንም ልምድ ደብሩ ለሚያከናውነው አገልግሎት እንጠቀምበት።