የጠፋ እምነትን ስለ መመለስ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ የሥራ አስፈጻሚዎች በራስ ስለ መተማመን ጥቂት ቃል እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ የሰጠኋቸው መልስ «ሌላ ሰው ፈልጉ» የሚል ነበር። ኋላ ግን ይኸው መልሴ ራሱ ለንግግሩ በቂ ምክንያት መሆኑን ተረዳሁና እሺ አልሁ።

ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ890,000 በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ30,000 ያነሱ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ያህል መሆኑ ነው። ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በዚያ ፈተና ከወደቁት አንዱ እኔ ነኝ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባሁትም በአቅም ማሻሻያው ትምህርት፥ ሁላችን «ሪሜዲያል» በምንለው በር ነው። በሩ ክፉ ነበረ አልልም፤ ነገር ግን በእርሱ የሚገባ ብዙ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይገባል።

በዚያን ጊዜ መቀመጫዬ ሁልጊዜ ከኋላ ነበረ። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲጠይቁ መልሱን እያወቅሁት እንኳ ዝም እል ነበር። እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ፥ ትምህርቱም ደህና ነው» ብዬ ቶሎ እዘጋዋለሁ። አሁን ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስበው ትልቁ ስሕተቴ አንድ ነበረ። «ይህን አላወቅሁም» ማለት ሲገባኝ «እኔ የማላውቅ ሰው ነኝ» አልሁ። የመጀመሪያው ነገር መጽሐፍ ከፍቶ የሚታረም ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው ግን በራስ ላይ የተፈረደ ፍርድ ነው፤ ፍርድ የተቀበለ ሰው ደግሞ መጽሐፍ አይከፍትም።

በአንድ ትምህርት ቤት የተፈተነው ሁሉ ሲወድቅ፥ በዚያ አገር አእምሮ ያለው ልጅ አልተወለደም ለማለት የሚደፍር ማን ነው? የመጽሐፍ እጥረት፥ ቤተ ሙከራ ያለ ዕቃ መቅረቱ፥ እንግሊዝኛውን ሳንለምድ በእንግሊዝኛ መማራችን፥ ይህ ሁሉ በውጤታችን ውስጥ አለበት። ሆኖም ይህን ተናግሮ መቀመጥ ብቻውን አያድንም። ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ የሚጭንም ሆነ ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ የሚጥል፥ ሁለቱም ማታ ሳያጠኑ ይተኛሉ።

መድኃኒቱን በመጀመሪያ በቃል ፈለግሁት። ከአልጋዬ በላይ በወረቀት «እችላለሁ» ብዬ ጽፌ ለጠፍሁ። የመጀመሪያው አጭር ፈተና ውጤት በወጣ ዕለት ወረቀቱን ቀድጄ ጣልሁት። ቆይቶ በሥነ ልቦና ትምህርት አልበርት ባንዱራ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፈውን ሳገኝ ነገሩ ገባኝ። ሰው «ይህን ሥራ እችላለሁ» ብሎ የሚያምንባቸው ምንጮች፥ እንደ እርሱ አባባል፥ አራት ናቸው፤ ራሱ ሠርቶ ማየቱ፥ እርሱን የመሰለ ሰው ሲሠራ ማየቱ፥ ከሌላ ሰው የሚሰማው የማበረታቻ ቃልና የገዛ አካሉና ስሜቱ ሁኔታ። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። እኔ ግን ሥራውን ትቼ በቃሉ ጀምሬ ነበር።

ስለዚህ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ተዋስሁ። ሰው እንዳያይብኝ ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ በቤተ መጻሕፍቱ ማዕዘን ተቀመጥሁ። በሎጋሪዝም የወደቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጉድጓዱ ከዚያ በታች፥ በክፍልፋይና በአርቢ ቍጥር ላይ ኖሯል። ደብተሬን ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን ያወቅሁትን፥ በሌላው ያላወቅሁትን እጽፍ ጀመር። በየሳምንቱም በክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ከራሴ ጋር ተዋዋልሁ። መጀመሪያ በጠየቅሁ ዕለት ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ከመካከልም የሣቀ ነበረ። መምህሩ ግን «ጥያቄውን ድገመው» አሉና በሰሌዳ ላይ ከሥሩ አስረዱ። ቀና ብዬ ሳይ የሣቀው ልጅ ራሱ ይጽፍ ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። የማይታቀፍ እንቁላል ግን ዓመት ቢቈይም አይሄድም፤ ይሸታል እንጂ። ማሞ ወልዴን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ በ800 እና በ1,500 ሜትር ተወዳድሮ ለፍጻሜው ሳይደርስ ተመለሰ። በ1964 በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ሆነ፤ ማራቶኑንም አቋረጠ። በ1968 በሜክሲኮ ግን በ10,000 ሜትር ብር፥ በማራቶን ወርቅ አገኘ፤ ዕድሜው 36 ነበረ። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት በልቡ ምን እንዳሰበ አናውቅም፤ መሮጡን እንዳልተወ ግን እናውቃለን።

ወዳጆቼ፥ ይህን ሁሉ የምናገረው ስለ ራሴ ለመመስከር አይደለም። በማደሪያችን ከእኔ አልጋ ፊት ለፊት የሚተኛ አንድ ልጅ ነበረ። እርሱም እንደ እኔ ከኋላ ይቀመጥ ነበር። ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሌሊት ሻንጣውን አሰረ። ነቅቼ አየሁት። «ወዴት ነው?» ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ራሴን ያላመንሁ ሰው ሌላውን ምን ብዬ ላጽናና ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁ። ሲነጋ አልጋው ባዶ ነበረ። ዛሬ የምጸጸተው በውጤቴ አይደለም፤ በዚያች ሌሊት ነው። ለካ ለማጽናናት በራስ መተማመን አያስፈልግም ኖሯል፤ «እኔም ፈርቻለሁ፥ ነገ አብረን እናጥና» ማለት ይበቃ ነበር።

ክቡራን መምህራን ሆይ፥ «ይህን የማያውቅ እዚህ ምን ይሠራል?» የሚለውን ቃል ተዉልን፤ «ድገመው» የሚለውን ቃል አብዙልን። ጓደኞቼ ሆይ፥ በሰው እንግሊዝኛ አንሣቅ። የ9ኛ ክፍል መጽሐፍም በጋዜጣ ሳይጠቀለል በጠረጴዛችን ላይ ይቀመጥ። ዛሬ ማታ ወደ ማደሪያችሁ ስትመለሱ ደግሞ ከፊት ለፊታችሁ ያለውን አልጋ ተመልከቱ፤ የተኛበት ሰው ነቅቶ እንደ ሆነም አነጋግሩት።