በቆላ ግቢ ምን ዛፍ እንትከል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በእርሻ ክበብ ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



 የምንናገረው ስለ ዛፍ ነው። ስለ ዛፍ ጥቅም ብዙ ጊዜ ተነግሯልና ጆሮአችሁ ሳይሰለች አልቀረም፤ እኛ ግን የምንጀምረው ከጥቅሙ ሳይሆን ከራሳችን ስሕተት ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ ቤተ ሰቦች ወደሚኖሩበት ወደ ሁምቦ ቆላ፥ ግቢያቸው ጥላ እንዲያገኝ ብለን ከሶዶ አርባ ችግኝ ይዘን ወረድን። አቮካዶ፥ ጽድና ባሕር ዛፍ ነበሩ። ተከልን፤ ዘፈንን፤ ተመለስን። በጥር ወር ሄደን ብናይ በሕይወት የተገኙት ሦስት ብቻ ናቸው። የጓደኛችን እናት አልተቆጡንም፤ «ልጆቼ፥ ውሃውን ማን እንዲያመላልስ አስባችሁ ነበር?» ብለው ጠየቁን እንጂ። ውሃ የሚቀዱት እርሳቸውና ሴት ልጆቻቸው ናቸው። መልስ አልነበረንም።

ሶዶ በዳሞት ተራራ እግር ሥር፥ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች እንሰቱም ቡናውም አቮካዶውም በየጓሮው ይበቅላል። ወደ አባያ ሐይቅ በወረድን መጠን ግን ሙቀቱ ይጨምራል፤ ዝናቡም ያንሳል፤ የበልጉ ዝናብ ፈጽሞ የሚቀርበት ዓመትም አለ። ስለዚህ ችግኝ ከመግዛት አስቀድሞ በዚያው ቆላ ማንም ሳያጠጣው የቆመውን ዛፍ መመልከት ይገባል።

ከእነዚህም አንዱ ግራር ነው። ቅጠሉ ደቃቅ ስለ ሆነ ድርቅን ይታገሣል፤ በሥሩ የሚኖሩት ረቂቅ ነፍሳትም ከአየር የሚወስዱት ናይትሮጅን ለአፈሩ ምግብ ይሆናል። ለቤት አጠገብ ግን እኛ ከሁሉ የምናስቀድመው ሽፈራውን፥ በአካባቢያችን ሀለኮ የሚባለውን ነው። ትውልዱ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ቆላ ስለ ሆነ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በበጋ ጎመን በጠፋ ጊዜ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል። ዘሩንም ቢዘሩት ቅርንጫፉንም ቆርጠው ቢተክሉት ይበቅላል፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ብቻ አይስማማውም። ለአጥር አጋም መልካም ነው፤ እሾሁ ይከላከላል፤ ፍሬውም ይበላል። ክትክታን ደግሞ ፍየል ብዙ አይደፍረውም። ቅንጭብ ያለ ችግር ይበቅላል፤ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ውስጥ ቢገባ እጅግ ስለሚጎዳ ሕፃናት ባሉበት ቤት አንመክርም። (ከመካከላችን ይህን በራሱ ዓይን የተማረ አለ።)

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃሎላታል፤ ውለታውን አንክድም። ሆኖም ውሃ በብዛት ስለሚጠጣ ከጓሮ አትክልት ሊርቅ ይገባል። ድርቅ የሚችል ሁሉም መልካም ነው ማለት አይደለም። ከላቲን አሜሪካ የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም ዛፍ በረሓውን ያለብሳል ተብሎ በአፋር ተተክሎ ነበር። በረሓውንስ ችሎታል፤ ግን ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ የከብቱን ግጦሽ እየወረሰ አርብቶ አደሩን አስጨነቀው።

አሁን ስለ አተካከሉ። ጉድጓዱ ዝናብ ከመግባቱ አስቀድሞ ግማሽ ሜትር ያህል ይቆፈር፤ የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻው ተቀምጦ በመጀመሪያ ከሥሩ አጠገብ ይመለስ። ላስቲኩ ይውለቅ፤ እኛ አሥራ አንዱን ከነላስቲኩ ቀብረን ነበር! መሬቱ ተዳፋት ከሆነ በታች በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለ እርከን ቢሠራ ጎርፉ ውሃውን ለዛፉ ትቶለት ያልፋል። ሣር ቢነጠፍ እርጥበት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ቆላ የምስጥ አገር ነውና ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ። በየቀኑ ጥቂት ከማርከፍከፍ አልፎ አልፎ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደነቀን ግን በዚያው በሁምቦ የተደረገው ሥራ ነው። ተራራው በማገዶና በከሰል ተራቁቶ ጎርፉ እርሻውን ይጎዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው ሥራ ሲጀምሩ፥ ብዙው ቦታ አዲስ ችግኝ አላስፈለገውም፤ የተቆረጠው ዛፍ ሥሩ ከመሬት በታች ሕያው ነበርና። ከየጉቶው ከሚወጣው ቀንበጥ ጠንካራውን መርጠው፥ የቀረውን ገረዙ፤ ከብትም እንዳይገባ ጠበቁ። ዘዴውን ያስፋፋው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ በኒጀር የሠራበት ነው። 2,728 ሄክታር ያህል መሬት እንዲህ ለማ። በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ሥር ተመዘገበ፤ ገበሬዎቹም ደኑ ስለሚይዘው ካርቦን ገንዘብ አገኙ።

ይህን ከሰማን በኋላ ወደ ጓደኛችን ግቢ ተመልሰን ሄድን። ከሞቱት ችግኞቻችን አጠገብ፥ ባለፈው ክረምት የረገጥናቸው ሁለት የግራር ጉቶዎች አቆጥቁጠው አገኘናቸው። ቀንበጣቸውን ገርዘን በእሾህ አጠርናቸው። በሚመጣው ክረምት በጉድጓዶቹ የምንተክለው ሀለኮ ነው፤ አርባ ሳይሆን ስምንት ብቻ፤ ውሃውንም በየተራ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረድን የምንቀዳው እኛ ነን። ወደ ቆላ የምትወርዱ ጓደኞቻችን፥ በእርሻ ክበብ ክፍል ባዶ ጣሳ አስቀምጠናልና የሀለኮ ዘር ይዛችሁልን ተመለሱ።