ከሩጫው በፊት
(በሬድዮ ከተላለፈ ስብከት የተዘጋጀ)

ዛሬ ስለ ጽሞና ጊዜ እንነጋገራለን።

በራሴ ልጀምር። አንድ ቅዳሜ ማታ የእሁዱን ስብከት ሳዘጋጅ ትንሿ ልጄ መጣችና፣ «አባዬ፣ አንተ ማይክ ሳትይዝ ትጸልያለህ?» አለችኝ። ሳቅሁና አለፍኩት። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እውነቷን እኮ ነው! ለጉባኤው እጸልያለሁ፣ ለታመሙት እጸልያለሁ፣ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው እሮጣለሁ፤ ከጌታ ጋር ብቻዬን ከተቀመጥኩ ግን ወራት አልፈው ነበር። የጌታን ሥራ እየሠራሁ ጌታን ረስቼው ነበር፣ ወገኖቼ።

ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1ን ከቁጥር 29 ጀምራችሁ አንብቡ። ጌታ በቅፍርናሆም ነው። የስምዖንን አማት ከትኩሳቷ ፈወሳት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የከተማው ሰው ሕመምተኞቹን ይዞ ደጃፉ ላይ ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ማታ ያሳለፈ ሰው በማግስቱ ቢያረፍድ ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ወጣ፤ በዚያም ጸለየ።

ስምዖንና ጓደኞቹ ፈልገው አገኙት፤ ሰው ሁሉ እየፈለገው መሆኑንም ነገሩት። እርሱ ግን «እሺ፣ እንመለስ» አላለም። ለሌሎቹ መንደሮችም ሊሰብክ እንደ መጣ ነገራቸውና ጉዞውን ቀጠለ። አያችሁ? የቀኑን ሥራ የወሰነው ደጅ ላይ የቆመው ሰው ብዛት አይደለም፤ የአባቱ ፈቃድ ነው። እኛስ? ዓይናችንን ሳንገልጥ እጃችን ስልክ ይፈልጋል። ቀናችንን የሚወስንልን ቀድሞ የደወለው ሰው ነው።

ማሰላሰል ሲባል ደግሞ አእምሮን ባዶ ማድረግ አይደለም። መዝሙር 1 ሕጉን ቀንና ሌሊት ስለሚያሰላስል ሰው ሲናገር የገባው የዕብራይስጥ ቃል፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ለራስ ማነብነብንም ያመለክታል። ያው ቃል በኢሳይያስ 31፥4 አንበሳ ያደነውን ይዞ ለሚያሰማው ድምፅ ገብቷል። አንበሳው የያዘውን አይለቅም! እኛም ቃሉን እንደዚያ እንያዝ።

ስለዚህ ነገ 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ተነሡ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። አንድ አጭር ክፍል ቀስ ብላችሁ፣ ለጆሯችሁ እስኪሰማ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ዝም በሉ። ልባችሁን የነካውን አንድ ነገር ደብተር ላይ ጻፉና በዚያው ጸልዩ። የሌሊት ተረኞች፣ ሕፃን የምታጠቡ እናቶች፣ ጠዋት ካልተመቻችሁ የሚሆናችሁን ሰዓት ፈልጉ፤ ጌታ ማታም ይሰማል።

ልጄ ያንን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችኝም። አንዳንድ ማለዳ በሩን ገፋ አድርጋ ታየኝና፣ ቀስ ብላ መልሳ ትዘጋዋለች።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ስለ አንተ እየሮጥን ከአንተ ርቀናልና ይቅር በለን። ነገ ጠዋት ከሰው ድምፅ በፊት ድምፅህን አሰማን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ይህን አንብበው ሲጨርሱ ለሌላ ሰው ያካፍሉ።