ስለ ፊኛ ችኰላና ስለ መድኃኒቶቹ አሠራር
(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር በአደባባይ ሲነሣ አንዱ ፈገግ የሚልበት፤ ሌላው አንገቱን የሚደፋበት ነው። ይኸውም የፊኛ ችኰላ ነው። ሽንቱ ድንገት አጣድፎት ሥራውን ጥሎ የሚሮጥ፤ ሌሊትም ደጋግሞ የሚነሣ ሰው በየሰፈሩ አለ። እንዳልዋረድ ብለው ቅዳሴውንም፣ ሠርጉንም፣ ለቅሶውንም የተዉ እናቶችና አባቶች አሉ። ጎረቤት «ብርድ ነው» ይላል፤ ታማሚው «እርጅና ነው» ብሎ ዝም ይላል። ነገር ግን ይህ ሕመም መድኃኒት አለው፤ የመድኃኒቱም አሠራር የታወቀ ነው።

ፊኛ ከጡንቻ የተሠራ ከረጢት ነው። የጤነኛ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ይይዛል። ሲሞላ ጡንቻው እየላላ ይሰፋል፤ ሰውየው ቦታና ጊዜ ሲመቸው አንጎል ይፈቅድና ጡንቻው ተኰማትሮ ሽንቱን ያስወጣል። በፊኛ ችኰላ የተያዘ ሰው ግን ፊኛው ሳይሞላ፣ ሳይፈቀድለትም ይኰማተራል። እንግዲህ ችግሩ የሽንቱ መብዛት ሳይሆን የትእዛዙ ያለጊዜው መድረስ ነው።

ትእዛዙ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚደርሰው በምንድን ነው? ኦቶ ሎዊ የተባለው ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. በእንቁራሪት ልብ ባደረገው ምርመራ ነርቭ በኬሚካል መልእክተኛ እንደሚሠራ አሳየ፤ በ1936 ዓ.ም. ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። መልእክተኛው አሴቲልኮሊን ይባላል። ቁልፍ በቀዳዳው እንደሚገባ፣ በጡንቻው ላይ ካለው ተቀባይ ሲገባ ፊኛው ይኰማተራል።

የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች፣ ማለትም በአሜሪካ በ1975 ዓ.ም. የተፈቀደው ኦክሲቡቲኒንና በ1998 ዓ.ም. የተፈቀደው ቶልቴሮዲን፣ ቀድመው ቀዳዳውን ይይዙታል። መልእክተኛው ሲመጣ በሩ ተይዞ ያገኘዋል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ቀዳዳ በምራቅ ዕጢ፣ በአንጀት፣ በዓይንና በአንጎልም አለ። ስለዚህ አፍ ይደርቃል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ዓይን ይደበዝዛል፤ አንዳንድ ሽማግሌም አእምሮው ይታወካል። በአገራችን የሚበቅለው አስተናግር የቀመሰውን ሰው አፉን አድርቆ የሚያስቀባጥረው፣ በውስጡ ያለው አትሮፒን እነዚህኑ ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ ነው። መድኃኒቱና መርዙ በአንድ በር ላይ የቆሙ ናቸውና መጠኑን ሐኪም ሊወስነው ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ ሌላ ነው። ፊኛው በሚሞላበት ጊዜ «ላላ» የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበል ቤታ 3 የሚባል ተቀባይ አለ። በጃፓን በ2011 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ በ2012 ዓ.ም. የተፈቀደው ሚራቤግሮን ይህን ያነቃቃል። አፍን እንደ ፊተኞቹ አያደርቅም፤ ነገር ግን የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ግፊትን መለካት ያስፈልጋል። እነዚህ ላልረዱት ሰው ቦቱሊነም የተባለው መርዝ በጥቂቱ ወደ ፊኛው ጡንቻ በመርፌ ይሰጣል፤ መልእክተኛው ከነርቩ ጫፍ እንዳይወጣ ይከለክላል። ኃይሉም ለወራት ይቆያል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ምርመራ ይቅደም። የስኳር በሽታ፣ የሽንት ቧንቧ ቍስለት ወይም የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥም ሰውን ያመላልሳሉ። ሽንቱ በፕሮስቴት ለታገደ ሰው፣ የጡንቻውን ኃይል የሚያደክም መድኃኒት ጭራሹን ሽንቱን ሊዘጋበት ይችላል። ቡና መቀነስና ፊኛን በሰዓት ማስለመድም ከክኒን በፊት የሚሞከሩ ናቸው። ውኃን ፈጽሞ መተው ግን ሽንቱን አወፍሮ ፊኛውን ያስቈጣል እንጂ አይጠቅምም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ከትልልቆቻችን አንዱ ከሰው ሸሽቶ ብናገኘው፣ በትሕትና ቀርበን እንጠይቀው፤ ወደ ሐኪምም እናድርሰው። የተማርነው ትምህርት እናቶቻችንን ከዚህ ኀፍረት ካላወጣ፣ ለማን ሊሆን ነው?