ወንጪ፦ መውረዱና መውጣቱ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። እኛ ግን የቆምነው ልመና ይዘን ነው። ይኸውም ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ አንድ ጊዜ ተማሪዎችን ወደ ወንጪ ሐይቅ እንዲወስድ፥ ወላጆችም ወንድ ሴት ሳይለዩ ልጆቻቸውን እንዲፈቅዱ ነው። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን እንሰናበታለን፤ ስለዚህ የምንለምነው ለራሳችን ሳይሆን ከኋላችን ለሚመጡት ነው።

ወንጪ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአምቦና በወሊሶ መካከል ይገኛል። ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። በሆዱ የነበረው ቅልጥ አለት ከወጣ በኋላ አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ሰፊ ጕድጓድ ሆነ፤ ጕድጓዱንም ውሃ ሞላው። የተራራው ከፍተኛ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,386 ሜትር ነው። በሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለች። በዙሪያው ባለው ተዳፋት ገበሬዎች እንሰትና ገብስ ያበቅላሉ፤ የአገሩም ማር የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ በደብተራችን ጽፈን ለፈተና አጥንተነዋል። ነገር ግን ተራራ እንዴት እንደሚደረመስ በእውነት የገባን፥ ከአፋፉ ቆመን ቁልቁል ያንን ሰማያዊ ውሃ ባየን ጊዜ ነው። ከዚያ በእግር ወረድን፤ የደከመው በፈረስ ወረደ፤ በጀልባም ተሻገርን። ከሐይቁ ማዶ ባለው ሸለቆ ካሉት ፍል ውሃዎች አጠገብ ተቀምጠን ስንቃችንን በላን። በክፍል ውስጥ አንድም ቀን እጁን የማያወጣ ጓደኛችን መንገድ መሪ ሆኖ ሲያበረታን ያየነው በዚያ ቀን ነው።

ወንጪ ከሌላ ተራራ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ሌላውን ተራራ ስንወጣ ድካሙ በመጀመሪያ ነው፤ ያቃተው ሰው ከመንገድ ይመለሳል። ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚሄድ ግን ጕልበቱ ሙሉ ሳለ እየሳቀ ይወርዳል፤ ዳገቱ የሚጠብቀው ከደከመ በኋላ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 70 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ዳገቱን የሚሮጥ ወጣት ቶሎ ትንፋሹ ያጥረዋል። ስለዚህ ጕልበቱን ለመልስ የሚቆጥብ፥ ከደካማው ጓደኛው እርምጃ ጋር እርምጃውን የሚያስተካክል ሰው ብቻ በደኅና ይወጣል። ይህን ሥራ መፍታት ነው የምትሉ ወላጆቻችን፥ በየትኛው ክፍል ይህን ትምህርት እንደምናገኝ እስቲ ንገሩን?

ፍርሃታችሁን አናቃልልም። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት በከንቱ አይደለም። አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፤ የተራራ ውሃም ብርድ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል አፍጥኖ ስለሚወስድ፥ ዋና የሚችለውም ሰው ክንዱ ሊዝልበት ይችላል። ስለዚህ ልመናችንን ከደንብ ጋር እናቀርባለን። ማንም በሐይቁ ውስጥ አይዋኝ፤ ዋና የሚማር በመዋኛ ገንዳ ይማር። ተንሳፋፊ ሰደርያ ያልለበሰ ተማሪ ጀልባ ላይ አይውጣ። ጉዞው በክረምት አይደረግ፤ ጭቃው ያንሸራትታልና። ለመመለስም ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እንነሣ። ጥንቃቄ ያለበት ጉዞ፥ ተማሪዎች ተደብቀው ከሚሄዱበት ጉዞ ይሻላል።

ሌላው ቁም ነገር የእንግድነት ሥርዓት ነው። ወንጪ እንደ ቀድሞው የተሰወረ ስፍራ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራ ከተመረጡት ሦስት ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መረጠው። እንግዳ ሲበዛ ፌስታልና የውሃ ላስቲክም ይበዛል። በጕድጓድ ውስጥ ያለ ሐይቅ ከአፋፉ የሚጣለውን ሁሉ ዝናብ ጠርጎ ያመጣበታል። እንግዲህ የያዝነውን ይዘን እንመለስ፤ ለፈረሱና ለጀልባው ባለቤት የሚገባውን እንክፈል፤ በገብስ ማሳ ላይ አንሩጥ። እኛ ለመዝናናት የምንሄድበት ስፍራ ለሌላው ሰው ቤቱና እርሻው ነው።

በመጨረሻ ስለ እኅቶቻችን አንድ ነገር እንበል። ባለፈው ጉዞ የፈቃድ ወረቀት ለሁላችን ተሰጥቶ ነበር። የወንዶቹ ተፈርሞ ተመለሰ፤ የብዙዎቹ ሴቶች ግን ሳይፈረም ቀረ። ከፈተና በፊት የወንጪን ታሪክ ያስጠኑን እነርሱ ነበሩ፤ አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን አብረውን አልነበሩም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፥ ውንጀላ አይደለም፤ ፍቅራችሁን እናውቃለን። ነገር ግን በዚያ ዳገት ላይ የሚገኘው ትዕግሥትና ብርታት ለሴት ልጅም ያስፈልጋታል። የምትፈሩ ከሆነ አብራችሁን ኑ፤ ፈረስ እንይዝላችኋለን።

የሚመጣው ዓመት ወረቀት ወደ ቤታችሁ ሲመጣ እኛ በዚህ ትምህርት ቤት አንኖርም። እባካችሁ ለወንዱም ለሴቷም ፈርሙላቸው።