ሞርፊንና ማቅለሽለሽ፤ ስለ ሁለት መድኃኒቶች ቅንጅት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ሞርፊን ስናዝ ማቅለሽለሽን የሚያግድ መድኃኒት አብረን እንስጥ ወይስ አንስጥ የሚለው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥያቄው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ሲነሣና በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ሲነሣ ክብደቱ አንድ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እናስብ። የማሕፀን በር ካንሰር የጸናባቸው አንዲት እናት ሞርፊን ታዞላቸው ወደ ራቤል ገጠር ይመለሳሉ። በማግሥቱ ያቅለሸልሻቸዋል፤ የቀመሱትን በሶ ሁሉ ያስመልሳሉ። የሚጠየቅ ባለሙያ በቅርብ የለም። ልጃቸውም «መድኃኒቱ አልተስማማቸውም» ብሎ ጠርሙሱን ያነሣዋል። ሕመሙ ይመለሳል፤ እናቲቱም ቀሪ ዘመናቸውን በጭንቅ ያሳልፋሉ። ሞርፊኑ ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም፤ ልንከላከለው በምንችለው እንቅፋት ተሰናከለ እንጂ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መሰላሉን ካወጣ ወዲህ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን የጽኑ ሕመም ዋና መድኃኒት ሆኖ ቆይቷል። በአገራችንም በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕመምተኛውን በቤቱ የማስታመምን ሥራ አሳይቶናል። ማስታመሙ ወደ ቤት በገባ ቁጥር ግን የመድኃኒቱ ጠንቅም አብሮ ወደ ቤት ይገባል።

ሞርፊን በሦስት መንገድ ያስታውካል። አንደኛ፣ በአንጎል ግንድ የሚገኘውንና በደም ውስጥ ያለውን መርዝ የሚለየውን ክፍል ይቀሰቅሳል። ሁለተኛ፣ ጨጓራ ምግቡን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበትን ጊዜ ያዘገያል። ሦስተኛ፣ የውስጥ ጆሮን የሚዛን ስሜት ያነቃቃል፤ በበቅሎ ወይም በመኪና ዳገት ቁልቁለቱን የሚጓዝ ሕመምተኛ ይበልጥ የሚያስታውከው ስለዚህ ነው። ለመጀመሪያው ሃሎፔሪዶል ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊግራም በመኝታ ሰዓት፣ ለሁለተኛው ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚሊግራም፣ ለሦስተኛው እንደ ፕሮሜታዚን ያለ መድኃኒት ይስማማል።

ማቅለሽለሹ ሁሉንም ሕመምተኛ አይዝም፤ የያዘውንም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ይለቀዋል። ስለዚህ ክትትል በቅርብ ባለበት ቦታ ጠብቆ ማየት ይበቃል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ሆስፒታል ወጥቶ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን መጠበቅ ማለት መድኃኒቱን ማስጣል ማለት ሊሆን ይችላል። በእኔ አስተያየት ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ፀረ ማቅለሽለሹ በእጁ ተሰጥቶት፣ ካቅለሸለሸው ብቻ እንዲወስደው፣ ከጥቂት ቀን በኋላም እንዲያቆመው ሊነገረው ይገባል።

ይህን ስል ሁለቱን በልማድ አጣምሮ መስጠትን ማወደሴ አይደለም። ፕሮሜታዚን ከሞርፊን ጋር ሲሆን እንቅልፉን ያከብዳል፤ ትንፋሽንም ሊያደክም ይችላል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይልቃል፤ በዚያ ከፍታ ጤነኛው ሰው እንኳ በደሙ ያለው ኦክሲጅን ከቆላው ያነሰ ነውና በአረጋውያን ላይ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ሜቶክሎፕራማይድ በተለይ በልጆችና በወጣት ሴቶች ላይ አንገትን ሊያጣምም፣ ዓይንን ወደ ላይ ሊሰቅል ይችላል። አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተ ሰብ ይህን ልክፍት ነው ቢል አይፈረድበትም። የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ በቀን ከ30 ሚሊግራም፣ በጠቅላላው ከአምስት ቀን እንዳያልፍ መክሯል። አንጀቱ ለተዘጋ ሰው አይሰጥም፤ ከሃሎፔሪዶል ጋርም አይደራረብም። ኦንዳንሴትሮን ደግሞ የሆድ ድርቀትን ያብሳል፤ በብዙ ቦታ ሞርፊን ሲጠፋ የምንተካውን የትራማዶልንም ኃይል ይቀንሳል።

ከሞርፊን ጋር ያለ ማመንታት አብሮ ሊታዘዝ የሚገባው የሆድ ማለስለሻ ነው። ማቅለሽለሹ ሲለመድ ይተዋል፤ ድርቀቱ ግን አይተውም፤ ሰንብቶም ራሱ ማስታወክን ያመጣል። ቢሳኮዲል የታወቀና የሚበጅ ነው። በየቤቱ ያለው ተልባ ግን በቂ ውሃ ለማይጠጣ ሕመምተኛ ድርቀቱን ሊያባብስበት ይችላልና በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፤ በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ሦስት ነገር በአማርኛ እንጻፍ፤ የትኛው ለሕመሙ፣ የትኛው ለማቅለሽለሹ፣ የትኛው ለድርቀቱ እንደ ሆነ። ማንበብ ለማይችል ሕመምተኛ ለአስታማሚው ደጋግመን እንንገር፤ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም መልእክት እንላክ። በዚያች እናት ቤት ጠርሙሱ ከመደርደሪያው ላይ እንዳይነሣ የሚያደርገው ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።