የመሪ ግርማ ሞገስና የቡድን አንደበት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የስብሰባው አዘጋጅ ኮሚቴ እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ መሪ በሥራ ቡድን ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ የሚመለከት ነው። ርእሱ ከስሌትና ከንድፍ ጋር ለሚውል ሰው ጥቂት ያስፈራል፤ መሪነት በሜትርም ሆነ በኪሎግራም አይለካምና። ይሁን እንጂ የተሰበሰብንበት አዳራሽ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ መሆኑ ሥራዬን አቅልሎልኛል። ስለ መሪና ስለ ቡድን የሚያስረዳ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገኝም፤ ከዚህ ሽቅብ መመልከት በቂ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ካሪዝማ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የጸጋ ስጦታ ማለት ነው፤ እኛ ግርማ ሞገስ ብንለው ከልኩ አንርቅም። ቃሉን በማኅበራዊ ጥናት ውስጥ ያስፋፋው በ1920 እ.ኤ.አ. ያረፈው ጀርመናዊው ሊቅ ማክስ ቬበር ነው። ቬበር የሥልጣንን ምንጭ በሦስት ሲከፍል፣ አንዱን ለልማድ፣ አንዱን ለሕግ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ተከታዮች በአንድ ሰው ላይ አለ ብለው ለሚያምኑት ልዩ ኃይል ሰጥቶታል። «አለ ብለው ለሚያምኑት» የምትለዋን አነጋገር ልብ በሉልኝ። ግርማ ሞገስ በመሪው ፊት ላይ ብቻ ሳይሆን በተመልካቹ ዓይን ውስጥም ይኖራል ማለት ነው። ቬበር በአንድ ሰው ላይ የቆመ ሥልጣን ያ ሰው በተለየ ዕለት ምን ይሆናል የሚለውንም ጥያቄ አንሥቶ ብዙ ደክሞበታል።

ከዚያ ወዲህ አሜሪካዊው ጸሐፊ ጄምስ ማክግሪጎር በርንስ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አመራርን በሁለት ከፈለው። አንደኛው ሰጥቶ መቀበል ነው፤ ሠራተኛው ይሠራል፣ አለቃው ይከፍላል፣ ሒሳቡ ይዘጋል። ሁለተኛው ግን መሪውም ተመሪውም ከነበሩበት ከፍ የሚሉበት ለውጥ አምጪ አመራር ነው። በርናርድ ባስ የተባለው ምሁር በ1985 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ወደ ሥራ ድርጅቶች አምጥቶ፣ ኋላ ላይ ትምህርቱ በአራት ጠባዮች ተጠቃለለ፤ አርአያ መሆን፣ ተስፋን ማሳየት፣ አእምሮን ማነቃቃት፣ እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ማየት። የፊተኞቹ ሁለቱ የግርማ ሞገስ ወገን ስለሆኑ በየስብሰባው ይወደሳሉ። እኔ ግን ዛሬ ከኋለኞቹ ሁለት ዘንድ መቆም እመርጣለሁ፤ በተለይም የበታቹ የበላዩን ስሌት «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደፋፍረውን ጠባይ።

ወደ ተራራው እንውጣ። በማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከኮተቤ ወደ ላይ የተጓዘ ሰው ሯጮች በባሕር ዛፉ መካከል ተሰልፈው ሲያልፉ ያያል። ከተማችን በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በእንደዚህ ያለ ስፍራ ብቻውን የሚሮጥ ጥቂት ነው። አንዱ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይወስናል፣ የቀሩት ዱካውን ይከተላሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላው ይተካዋል። ፊት መሆን ማዕረግ ሳይሆን ተራ ነው። የቀኑ ልምምድ ሲያበቃም የፊተኛውንም የኋለኛውንም የሚዳኘው የአሠልጣኙ ሰዓት ነው፤ ሰዓት ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ሯጮቹ ስለ ተሳካለት ጓደኛቸው ሲያወሩ «ተለወጠ» ይላሉ። ለውጥ አምጪ አመራር የሚለውን ከባድ ስም እነሱ በአንድ ግሥ ጨርሰውታል።

የዚህ አገር አትሌቲክስ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰዎች አጥቶ አያውቅም። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በሃንጋሪ ተምረው የተመለሱ፣ በጥብቅ ዲሲፕሊናቸው የታወቁ አሠልጣኝ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሲድኒ ኦሊምፒክ ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ አራት ወርቅ ይዘው የተመለሱት በእሳቸው ዘመን ነው። ዶክተሩ በ2008 ዓ.ም. አርፈዋል። የሚደነቁበት ነገር ብዙ ቢሆንም እኔን የሚገርመኝ ግን የወርቁ ቁጥር ሳይሆን በዚያ ቡድን ውስጥ አንዱ ታላቅ ሳያረጅ ሌላው ታላቅ ከጎኑ መብቀሉ ነው።

ለዚህ ከነሐሴ 1996 ዓ.ም. የአቴንስ የ10,000 ሜትር ውድድር የተሻለ ምስክር አላውቅም። ኃይሌ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው፣ የወጣቶቹ ሁሉ አርአያ ነበር፤ ነገር ግን እግሩን ታሞ ነበር የተሰለፈው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ሲመሩ ታላቃቸው ወደ ኋላ ሲቀር ተመለከቱ፤ ፍጥነታቸውንም ቀንሰው ጠበቁት። ደረሰባቸውም። ቆይቶ ግን ዳግመኛ ሲቀር ትተውት ሄዱ፤ ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆኑ። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሰው መጠበቃቸውን ነው፤ እውነትም የሚያኮራ ነው። እኔ ግን ትተውት መሄዳቸውን እኩል አከብራለሁ። እስከ መጨረሻው ቢጠብቁት ኖሮ ፍቅራቸው ሦስቱንም ያሸንፋቸው ነበር። አርአያው የሠራውን ሥራ ያረጋገጠው ደቀ መዛሙርቱ ጥለውት ሲያልፉ ነው፤ አባባሉ ለጆሮ ቢጎረብጥም።

ነገሩ የጀመረው በአቴንስ አይደለም። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሻምበል አበበ ቢቂላ በጉዳት ምክንያት ማራቶኑን ከእኩሌታው በፊት አቋረጠ። በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈ፣ ስሙ ከአገሩ ስም ጋር የሚጠራ ሰው ከመንገድ ወጣ፤ ማሞ ወልዴ ግን ሩጫውን ቀጥሎ ወርቁን አመጣ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ ሲሳይ ለማ ጉዳት ቢደርስበት በተጠባባቂነት የነበረው ታምራት ቶላ ተተክቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። በሁለቱ ድሎች መካከል 56 ዓመት ገደማ አለ።

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ሥራውንም ሆነ አሠሪውን መጥቀስ አያስፈልግም። የሥራው ኃላፊ ሁላችንም የምንወዳቸው ሰው ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ ይደርሳሉ፣ ከቀን ሠራተኛው ጋር ሽሮ ይበላሉ፣ የዘበኛውን ልጆች በስማቸው ይጠራሉ። አንድ ሳምንት የተወሰኑ ምሶሶዎች የሰባት ቀን የኩብ ፍተሻ ውጤት ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኘ። የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ወረቀቱን በመሳቢያ ውስጥ ቆልፎ አራት ቀን ቆየ። በእነዚያ ምሶሶዎች ላይ የሚያርፈው ሶሌታ ፌሮው ታስሮ አርማታ ሊሞላበት የቀረው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነበር። ኋላ ላይ ለምን ዝም እንዳለ ሲጠየቅ ፍርሃት አልነበረም መልሱ። «እንዴት አድርጌ ላሳዝናቸው?» ነበር ያለው።

የሚፈራ አለቃ መጥፎ ወሬ እንደማይደርሰው ሁላችንም እናውቃለን። የሚወደድ አለቃም እንደማይደርሰው ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከፊተኛው የሚከፋው ደግሞ ማንም ስለማይጠረጥረው ነው። ፍርሃት ያለበት ቡድን ቢያንስ በሹክሹክታ ያወራል፤ ፍቅር ያለበት ቡድን ግን ዝም ይላል፣ ዝምታውንም አክብሮት ይለዋል። በእኛ አገር ታላቅን ማክበር ከጥሩ አስተዳደግ የሚቆጠር በመሆኑ ይህ አደጋ በእኛ ላይ ይበረታል ብዬ አምናለሁ።

ኃላፊው የሆነውን ሲሰሙ ቴክኒሻኑን አልተቆጡትም። ሙሌቱን አስቆሙ፣ ምሶሶዎቹ እንደገና እንዲመረመሩ አዘዙ። ከዚያ በኋላ በነበረው ሰኞ አንድ ልማድ ጀመሩ፤ ቴክኒሻኑ በጉባኤው ፊት ቆሞ የሳምንቱን ውጤት ከዝቅተኛው ጀምሮ ያነብባል፣ ቀጥሎ ከሁሉ ታናሽ የሆነው መሐንዲስ ይናገራል፣ እሳቸው በመጨረሻ። በወሩ ውስጥ ያ ዓይን አፋር ልጅ የሲሚንቶውን አከማቸት በሚመለከት ከእሳቸው ጋር እስከ መከራከር ደረሰ። ግርማ ሞገሳቸው አልቀነሰም፤ ሥራ አገኘ እንጂ።

ሁላችንም የምናስታውሰውን ሰው ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ርእሱን መሸሽ ይሆንብኛል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ በተጣለው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ሕይወታቸው አልፎ በተገኘ ጊዜ ሕዝቡ እንደ ቤተሰቡ አለቀሰላቸው። ስለ ኅልፈታቸው የምናገረው የለኝም። የማስታውሰው ብዙዎቻችን በዚያ ሳምንት «ከእንግዲህ ግድቡ እንዴት ይሆናል?» ስንባባል መሰንበታችንን ነው። ሥራው በኢንጂነር ክፍሌ ሆሮ ሥራ አስኪያጅነት ቀጠለ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ተመረቀ። ይህ የሟቹን ክብር የሚቀንስ አይደለም። ጥያቄያችን ግን የሚያስገምተን እኛን ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ያለበትን ሥራ በአንድ ሰው ፊት ብቻ ስናይ ኖረን ነበርና።

ስለዚህ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው፣ አባላት በሚመሯቸው የሥራ ቦታዎች ሳምንታዊው ስብሰባ ከታናሽ ወደ ታላቅ እንዲናገር፣ የፍተሻ ውጤትም በሠራው ሰው አንደበት እንዲነበብ ማኅበሩ ምክር እንዲያወጣ ነው። ሁለተኛው ምናልባት አንዳንዶቻችሁን ያስቆጣ ይሆናል፤ ማንኛውም የፕሮጀክት ኃላፊ በዓመት አንድ ወር ከሥራው ሙሉ በሙሉ ርቆ፣ ስልኩንም ዘግቶ፣ ምክትሉ በሙሉ ፊርማ እንዲሠራ ይደረግ። ኃላፊው ሲመለስ በዚያ ወር የተጻፈውን የሥራ ማስታወሻ ኮሚቴው ከእሱ ጋር አብሮ ያንብብ። የወሩ ምርጫ በክረምት ይሁን በበጋ የሚለውን ለውይይት ትቼዋለሁ፤ እኔ በበኩሌ ሥራ የሚበረታበትን ጥርን እመርጣለሁ።